«ቀርቷል» የተባለው ግማሽ ሚሊሜትር

ብስክሌቱ ተገልብጦ በኮርቻውና በመሪው ቆሟል። የኮምቦልቻ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ብረቱን አግላዋለች። የግራው ፔዳል ክንድ ከመሃል አክስሉ ጋር በብየዳ ተጣብቋል፤ ዙሪያውን ሻካራ ጉብታ ከቦታል። ክንዱን ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ከቱቦው ውስጥ ደረቅ አሸዋ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይወጣል። ባለቤቱ ብስክሌቱን ያመጡት ለዚያ ድምፅ ነው። ስለ ብየዳው የጠየቁት ነገር የለም፤ እሱ ለእሳቸው ያለቀ ጉዳይ ነበር።

«ምን አስበየደው ሐጂ?»

«ፒኑ ጠፋ ልጄ። ደሴም ጠየቅን፣ እዚህም ጠየቅን። ‹የዚህ ቀርቷል፣ ዱሮ ነበር› አሉን። ቆሞ ከሚቀር ብለን አስበየድነው።»

የቀኙ ክንድ ግን አልተበየደም። ክንዱን ከአክስሉ ጋር የሚያጣብቀው የፋብሪካው ፒን አሁንም ቦታው ላይ ነው። ተገፍቶ ወጣ፣ ዝገቱ ተጠረገ፣ በካሊፐር ተያዘ። ካሊፐሩ 9 ሚሊሜትር ላይ ቆመ። መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በየካርቶኑ የሚገኘው ፒን 9.5 ነው። ሐጂ የተሰጣቸውም እሱ ነበር፤ አልገባ ሲል «ቀርቷል» ተባለ። በዚያች ቃልና በካሊፐሩ ቁጥር መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ያ ነገር ሳምንታት አልፈውም ከሐሳቤ አልወጣም። አንድ ደህና ብስክሌት የተበላሸው ዕቃ ስላልነበረ ነው ወይስ ልኩን የጠየቀ ሰው ስላልነበረ?

ሁለተኛው ይመስለኛል። አንድ ፋብሪካ ምርቱን ሲያቆም የሚጠፋው ስሙ፣ ካርቶኑና ማኅተሙ ነው። የዕቃው ልክ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ስም፣ አንዳንዴም ከብስክሌት ጋር በማይገናኝ ሱቅ ውስጥ በሕይወት ይቆያል። «የእንትን ፒን አለህ?» ብሎ የጠየቀ «ቀርቷል» ይባላል። «9 ሚሊሜትር፣ በአንድ ጎኑ ሾጣጣ» ያለ ሰው ግን ቢያንስ ቶርኖ ቤት ድረስ የሚሄድበት መንገድ አለው።

ፒኑን መሥራት

ይህ ፒን በአሮጌ ብስክሌቶች ላይ የፔዳሉን ክንድ ከአክስሉ ጋር የሚያጣብቅ ሽብልቅ ነው። ክብ ብረት ሆኖ በአንድ ጎኑ ተዳፋት ጠፍጣፋ ገጽ አለው፤ ጫፉ ላይ ፊሌቶ፣ ማለትም የብሎን ጥርስ፣ እና ዳዶ አለ። ጠፍጣፋው ገጽ አክስሉ ላይ ከተቆረጠው ጠፍጣፋ ቦታ ጋር ይገናኛል። የእንግሊዝ ብስክሌቶች፣ የእነሱን ንድፍ የተከተሉት የቻይናና የህንድ ባለ 28 ብስክሌቶችም በብዛት የሚይዙት 9.5 ነው። በብዙ የጣሊያንና የፈረንሳይ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ግን 9 ይገኛል። በዓይን አይለይም፤ ጣትም አያውቀውም።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ 9.5ቱን ፒን ቶርኖ ላይ አስገብቶ ማስላጥ ነው። ችግሩ ፒኑ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ የቶርኖው መንጋጋ መሃሉን አይይዘውም፤ ሲሽከረከር ይንገዋለልና ሞላላ ሆኖ ይወጣል። የተሻለው ከብሎን መጀመር ነው። 10 ሚሊሜትር ውፍረትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተቀረጸበት ብሎን ይገዛል። እስከ አንገቱ ፊሌቶ የወጣለት ዓይነት መሆን የለበትም። ግማሽ ፊሌቶ የሆነው ከጭንቅላቱ በታች 50 ሚሊሜትር የሚያልፍ ለስላሳ አካል አለው፤ ለፒን የሚሆነውም እሱ ነው። ቁጥር የሌለው ለስላሳ ብሎን አይሆንም። በጥቂት ቀን ውስጥ ጠፍጣፋው ገጽ ይጨፈለቅና ክንዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ለቶርኖ ባለሙያው የሚሰጠው ናሙና ከቀኝ በኩል የወጣው ፒን ነው። አካሉ ወደ 9.0 ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ እንዳይሆን፣ በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ በእጅ ተገፍቶ ያለ መንገዋለል ማለፍ አለበት። ጫፉ ላይ 12 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባለ 6 ሚሊሜትር ፊሌቶ ይወጣለታል። የ6 ዳዶና ሮንዴላ የትም አለ። ጠፍጣፋውን ገጽ ግን ቶርኖ ላይ አታስጨርሱ። ሞርሳ ላይ ታስሮ በልሙጥ ሞረድ፣ ከአሮጌው ፒን ተዳፋት ጋር እየተያየ ነው የሚወጣው።

እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነው። የግራና የቀኝ ፒኖች ተዳፋት እኩል ካልሆነ ሁለቱ ክንዶች በአንድ መስመር አይቆሙም፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲሆን ሌላው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ጋላቢው ምን እንደሆነ ሳያውቀው ጉልበቱን ያመዋል። ገጹ በትክክል መገናኘቱን ለማወቅ የኩራዝ ጥላሸት ይበቃል። ጠፍጣፋው ጎን ላይ ስስ ጥላሸት ይቀባል፣ ፒኑ በእጅ ገፋ ተደርጎ ይገባል፣ ይወጣል። ጥላሸቱ የተጠረገበት ቦታ ከአክስሉ ጋር የተገናኘው ነው። በአንድ ጥግ ብቻ ከተጠረገ ሞረዱ ያንን ጥግ ያነሳል። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ጥላሸቱ ከዳር እስከ ዳር መነሳት ይጀምራል።

ሁለቱ ፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይገባሉ። ማረጋገጫው እያንዳንዱ ክንድ በተራው ወደ ታች ሲወርድ ዳዶው በአንድ ወገን መታየቱ ነው። በተራቸው ወደ ታች ሲወርዱ የአንዱ ዳዶ ወደ ፊት፣ የሌላው ወደ ኋላ ከዞረ ክንዶቹ እንደገና ይጣመማሉ።

ሲገባ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዳዶውን በቁልፍ አጥብቆ ፒኑን መሳብ። ዳዶው ፒኑ ተመልሶ እንዳይወጣ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከተሳበበት ፊሌቱ ይላጣል። ፒኑ በግፊት ነው የሚገባው። ትልቅ ክላምፕ ካለ አንደኛው አፉ የፒኑ ራስ ላይ፣ ሌላው ደግሞ የፒኑ ጫፍ በሚያልፍበት ባዶ ቡሽ ላይ አርፎ ይጠበቃል። ክላምፕ ከሌለ በመዶሻ ይሆናል፤ ግን ከክንዱ ሥር መሬት ላይ የቆመ የብረት ቱቦ ድጋፍ መሆን አለበት። ያለ ድጋፍ የተመታ እንደሆነ ምቱ በአክስሉ አልፎ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፤ ብዮቹ መሮጫቸው ላይ ጉድጓድ ይሠራሉ። አሮጌ ፒን ሲወጣም ይኸው ነው። ዳዶው ከፊሌቱ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ይፈታል፣ ቅባት ገብቶ ይታደራል፣ ከዚያ ይመታል። ያኔ ፊሌቱ አይጨፈለቅም።

ከገባ በኋላ አላለቀም። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠበቃል፣ ዳዶውም ይታሰራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ፒን የተነገረ ይመስላል። ይህን ሁለተኛ ጥበቃ የዘለለ ሰው በወሩ ተመልሶ ይመጣል። የክንዱ ቀዳዳ ያኔ ሞላላ ሆኖ ይገኛል።

ሌላው አማራጭ የክንዱን ቀዳዳ በሪመር፣ ቀዳዳን በልኩ በሚያሰፋ መሣሪያ፣ ወደ 9.5 ማስፋት ነው። አክስሉ ላይ ያለው ቁርጥ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ አይነካም። በዚህ መንገድ የሱቁ ፒን ይገባል፤ ቀዳዳው ትንሽ ለተበላ ክንድ እንዲያውም ይህኛው ይሻላል። በመሰርሰሪያ ግን አይሞከርም። ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ለማንሳት የገባ መሰርሰሪያ ብረቱን ይነክሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳውን ሦስት ጥግ ያደርገዋል።

እንግዲህ ብየዳው ያደረሰውን ጉዳት ከዚህ አጠገብ ማየት ነው። የፔዳል አክስል ብዮቹ እንዳይቦረቡሩት በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። ብየዳው ያንን ጥንካሬ ገደለው፣ ውስጥ ያለውን ግራሶ አቃጠለው፣ ጠንካራውን ብረት ከብየዳው ጎን ለስንጥቅ አጋለጠው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ኩሽኔታውን ቱቦው ውስጥ የሚይዘው የግራው ኩባያ ከክንዱ በስተጀርባ ታስሮ ቀረ። ክንዱ ካልወጣ ኩባያው አይፈታም፤ ኩባያው ካልተፈታ ኩሽኔታው አይታጠብም። ሐጂ የሰሙት የአሸዋ ድምፅ ያ ነው።

ቃሉ እዚህ ቀረ፣ ዕቃው ሄደ

በዚህ አካባቢ ያለ ማንኛውም የብረት ሰው አፍ ውስጥ ጣሊያንኛ አለ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ግራሶ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ፊሌቶ፣ ከመነዳሪ። አብዛኞቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን ከመንገዱና ከጋራዡ ጋር የሰፉ ቃላት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወጣውና ወደ አሰብ የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩት ኮምቦልቻ ላይ ነው። ቃሉ ከስምንት አስርት ዓመታት በላይ ተሻግሮ አማርኛ ሆኗል። የጣሊያኑ የብስክሌት ፊሌቶ ግን ከሱቁ መደርደሪያ ጠፍቷል። «ፊሌቶ» የሚለውን ቃል በየቀኑ የምንጠራ ሰዎች የጣሊያኑን ፊሌቶ ስናየው አናውቀውም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሐጂ ይዘውት የመጡት ብስክሌት የዚያ ዘር ነው። የመሃል ቱቦው ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ ኩባያው ደግሞ 36 ሚሊሜትር በኢንች 24 ጥርስ ነው። አሁን በብዛት የሚታየው የእንግሊዙ ልክ ቱቦው 68፣ ኩባያው 1.37 ኢንች በ24 ጥርስ ነው። 1.37 ኢንች 34.8 ሚሊሜትር ይሆናል። የጥርሱ ብዛት አንድ ቢሆንም የእንግሊዙ ኩባያ ስለሚቀጥን ጣሊያኑ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ፊሌቱን አይዝም፣ ይንገዋለላል።

ከልኩ የበለጠ ጉዳት የሚያመጣው አቅጣጫው ነው። በእንግሊዙ የቀኙ ኩባያ ግራ ፊሌቶ ነው፤ ለመፍታት በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። በጣሊያኑ ሁለቱም ቀኝ ፊሌቶ ናቸው። የእንግሊዙን የለመደ እጅ የጣሊያኑን የቀኝ ኩባያ እፈታለሁ ብሎ ያጠብቀዋል። ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ሲታገል ወይ ኩባያው ይሰነጠቃል ወይ ቁልፉ ይላጣል። ስለዚህ ከቁልፉ በፊት ሜትር ይያዝ። ቱቦው 70 ከሆነ ጣሊያን መሆኑን ጠርጥሮ ወደ ግራ መሞከር ነው። የጣሊያኑ ጉድለትም እዚሁ ነው፤ የቀኙ ኩባያ በመንዳት ብዛት የመፈታት ጠባይ አለው። በደንብ ተጠብቆ ካልገባ አይቆይም። ለፊሌቱ ማጣበቂያ ከሌለ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠመጥሙት ቴፍሎን ሁለት ዙር ይረዳል።

የምስራቹ ይህ ልክ አልሞተም። በ36 በ24 ፊሌቶ የተሠሩ ዝግ ኩሽኔታዎች አሁንም ይመረታሉ፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ኩባያው አንድ ላይ ታሽገው ይመጣሉ። እነዚህ ሽብልቅ ፒን አይፈልጉም። አራት ማዕዘን ጫፍ ስላላቸው ክንዱም አብሮ ይቀየራል። ፊሌቱ ያለቀበትን የእንግሊዝ ቱቦ ወደ ጣሊያኑ ልክ አስፍቶ ማዳን መቻሉም ሌላ ነገር ነው፤ የጣሊያኑ ሰፋ ስለሚል አዲስ ፊሌቶ የሚወጣበት ብረት ይኖራል።

ጎማው ላይ የተጻፈው ሌላው ቁጥር

ስለ ጎማ የሚሰማው ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ባለ 28 ገዛሁ፣ አልገባም።» ባለ 28 የሚባለው ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም። የድሮው ትልቁ ብስክሌት ጎማ 28 በ1½ ነው፤ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 635 ሚሊሜትር ነው። በዚያው 28 ስም የሚሸጠው ቀጭኑ ጎማ 622 ነው። የ13 ሚሊሜትር ልዩነት በየትኛውም ጉልበት አይሸፈንም። ባለ 26ም እንዲሁ ነው፤ ወፍራሙ የተራራ ብስክሌት 559፣ የድሮው 26 በ1⅜ ደግሞ 590 ነው።

ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 40-635። የመጀመሪያው ውፍረቱ፣ ሁለተኛው ልኩ ነው። ሁለተኛው ከቸርኬው ጋር እኩል ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ አይገባም። ሌላው የመጠን ስም ሁሉ ለገበያ ነው። ይህን ሁለተኛ ቁጥር የያዘ ሰው «ቀርቷል» የተባለ ጎማ ተመልሶ መምጣቱንም ያያል። 584 የሚባለው የፈረንሳዮች ልክ ለረጅም ጊዜ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዛሬ 27.5 ተብሎ አዲስ የተራራ ብስክሌት ላይ ይሸጣል፤ ያው 584 ነው።

ባለ 27 የእሽቅድምድም ጎማ ያለው ደግሞ ቸርኬው 630 ነው። እሱ በእውነት እየጠፋ ያለ ልክ ነው። መፍትሔው ቸርኬውን በ622 መቀየር ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊሜትር ስለሆነ የፍሬኑ ጎማ 4 ሚሊሜትር ብቻ ይወርዳል። አብዛኛው የጎን ፍሬን ያንን የሚወርድበት ቦታ አለው፤ ከመግዛት በፊት ግን የፍሬኑን ቀዳዳ መለካት ነው።

ስለ ማርሽ አጭር ነገር ልበል። የጃፓኑ ሰንቱር እ.ኤ.አ. በ1964 የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ከጥርሶቹ ተዳፋት ጋር አብሮ እንዲወርድ አድርጎ ሠራ። የባለቤትነት መብቱ በ1984 ሲያበቃ ሌሎቹ ሁሉ ወሰዱት፤ ኩባንያው ራሱ በ1990ዎቹ ተዳክሞ ከገበያ ወጣ። ሐሳቡ ግን ዛሬ በሚሸጠው በአብዛኛው ማርሽ መቀየሪያ ውስጥ ይሠራል። እንግዲህ የአሮጌ ባለ 6 ወይም ባለ 7 ማርሽ እጀታው፣ ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው፣ ሲሞት ተመሳሳዩን ፍለጋ መባዘን አያስፈልግም። ጠቅ የማይል፣ በስሜት የሚገፋ ቀላል እጀታ የየትኛውንም ፋብሪካ መቀየሪያ ይጎትታል። ሁለት ቀን ይለመዳል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሐረጎ ላይ የማይሞከር

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «ሥሩት፣ አስተካክሉት» ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን እጄን አነሳለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቁልቁለቱም ሐረጎ ላይ ይከማቻል። ከባድ መኪና እየተጠማዘዘ በሚወጣበት መንገድ ላይ ብስክሌት ይዞ የሚወርድ ሰው ሕይወቱ በሁለት የፍሬን ጎማዎችና በአንድ የመሪ ግንድ ላይ ነው።

የመሪውን ግንድ፣ የፊት ሹካውንና የፍሬን ክንዶችን በብየዳ ማዳን አይሞከርም። ፒን ቢለቅ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ጋላቢው ይወርዳል፣ ይገፋል። የመሪ ግንድ ቢሰበር ግን ለመውረድ ጊዜ የለም። የመሪ ግንድ ልክ ደግሞ ብዙም አልተለወጠም። ቀጭኑ ሹካ 22.2፣ ወፍራሙ 25.4 ሚሊሜትር ይወስዳል፤ ሁለቱም ይገኛሉ። ለማስበየድ ሰበብ የለም።

የአሮጌው ብስክሌት ቸርኬ ክሮም የተቀባ ብረት ነው። በክረምት፣ ደሴ ጉም ውስጥ ገብታ ስታፈስ፣ የረጠበ ክሮም ላይ ተራ የፍሬን ጎማ የመያዝ ኃይሉ ክፉኛ ይወድቃል። ለዚህ ተብሎ ፊቱ ቆዳ የለበሰ የፍሬን ጎማ ይሠራ ነበር፤ ያ አሁን እምብዛም የማይገኝ ዕቃ ነው። በአልሙኒየም ቸርኬ ላይ ግን እሱ ራሱ አይሆንም፤ ስለዚህ ጥሩው መንገድ ቸርኬውን ወደ አልሙኒየም መቀየር ነው። ገንዘቡ ይከብዳል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ላያስፈልግ ይችላል። ሐረጎን በሐምሌ ለሚወርድ ሰው ግን ከፒኑም፣ ከኩሽኔታውም፣ ከጎማውም በፊት ይቀድማል።

የሐጂ ብስክሌት ብየዳው በግራይንደር ተቆረጠ። ክንዱም አክስሉም አልተረፉም፤ ከተከፈተው ቱቦ ውስጥ እንደ ከሰል የጠቆረ ግራሶና ገጻቸው የተላጠ ብዮች ወጡ። የቱቦው ፊሌቶ ግን ታጥቦ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ አንድም ጥርስ አልጎደለም። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩትና «አብሽር፣ እናስመጣለን» አሉ። አዲስ አበባ ለሚሄደው ልጃቸው የሚሰጥ ወረቀት ተጻፈላቸው። የብስክሌቱ ስም አልተጻፈበትም። «ዝግ ኩሽኔታ፣ ቱቦ 70፣ ፊሌቶ 36 በ24፣ ሁለቱም ወገን ቀኝ። ከነክንዱ፣ አራት ማዕዘን ጫፍ። የኋላው ጥርስ ከፍሬሙ መሃል መስመር 42 ሚሊሜትር ርቆ» ይላል።